እናቴን ይዤ ቤት ውስጥ ያየኋቸው ፊልሞች

እናቴ ኅዳር ላይ ከአዲስ አበባ መጣች። ስድስት ወር ልትቆይ ነው። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ሞቅ ያለ ነበር። ሻንጣ ተፈታ፣ በርበሬና ሽሮ ተከፋፈለ፣ ወዳጅ ዘመድ እየመጣ «እንኳን ደህና መጡ» አላት። በሁለተኛው ሳምንት ጠያቂ ቀነሰ። በሦስተኛው እኔና ባሌ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ እሷ መስኮት ሥር። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ «ዛሬ አሥራ አራት መኪና ወጣ፤ የተመለሰው ዘጠኝ ነው» አለችኝ። ፓርኪንጉን ስትቆጥር ነው የዋለችው።

«ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ?»

መጀመሪያ ዩቲዩብ ከፈትኩላት። ተከታታይ ድራማ እንደ ጉድ ሞልቷል። ችግሩ ማስታወቂያው ነው። ባልና ሚስቱ ሊታረቁ ሲሉ አንዷ ፈረንጅ ሻምፑ ይዛ ብቅ ትላለች። እማዬ «ይቺን ደግሞ ማን ጠራት!» ትላለች። ማለፊያውን ባሳያትም ጣቷ እሺ አላላትም። ደግሞም ድራማውን የምታየው ብቻዋን ነው። እኔ የፈለግኩት ማታ ማታ አምስታችንም አንድ ሶፋ ላይ የምንቀመጥበት ነገር ነበር።

እናም ፊልም መሰብሰብ ጀመርኩ። የገዛሁት አለ። ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት አለ። ከፓሪስ የተላከልኝ አለ። በኢንተርኔት ከፍለን ያየነውም አለ። እናት ወይም አባት ሊመጣላችሁ ካለ፣ ወይም ልጆቻችሁን አገራቸውን በፊልም ልታሳዩ ካሰባችሁ፣ የእኔን ስህተት እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት ሶፋው ላይ ማን እንዳለ ማወቅ ነው። እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም። ትልቋ ልጄ 15 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 11። አማርኛ ይሰማሉ ይባላል። የሚሰሙት ግን «ብላ፣ ተኛ፣ ጫማህን አውልቅ» የሚለውን አማርኛ ነው። ባሌ ደግሞ መብራት በጠፋ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚተኛ ሰው ነው። ስለዚህ ፊልሙ አማርኛ የሚናገር፣ ከሥር እንግሊዝኛ የተጻፈበት መሆን አለበት። ይህን ስትሉ ዝርዝሩ በአንድ ጊዜ ይጠባል። መጥበቡ ግን ጥሩ ነው። ምን እንይ እየተባለ አንድ ሰዓት አይጠፋም።

የመጀመሪያው ስህተቴ በሽልማት መምረጤ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ሳንኮፋ የሚባል የመጽሐፍና የፊልም ቤት አለ። ካፌም ነው። የፊልም ባለሙያው ኃይሌ ገሪማና ባለቤቱ የከፈቱት ነው። ኃይሌ የጎንደር ልጅ ነው፤ ሃዋርድ ለብዙ ዓመት ፊልም አስተምሯል። አንድ ቅዳሜ ሄጄ የእሱን ፊልም «ጤዛ»ን ገዛሁ። በ2008 እንደ ፈረንጆቹ ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት አግኝቷል። በዓመቱ ደግሞ ቡርኪና ፋሶ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ በሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል አንደኛ ወጥቷል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል ብዬ ያንኑ ማታ ከፈትኩት።

«ጤዛ» አንበርብር የሚባል ሐኪም ታሪክ ነው። ጀርመን ተምሮ፣ አብዮቱ ሲመጣ አገሩ ተመልሶ፣ ተሰብሮ ወደ ተወለደበት መንደር ይገባል። አንድ እግሩን አጥቷል። እናቱ አለች። የመንደሩ ወጣቶች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። ፊልሙ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። እንደ ሕልም ነው። ርዝመቱ 140 ደቂቃ ነው።

ያላሰብኩት የእማዬን ታሪክ ነው። ታላቅ ወንድሟ በቀይ ሽብር ነው የሞተው። እኔ የማውቀው ግድግዳ ላይ የነበረውን ፎቶ ብቻ ነው። አፍሮ ጸጉር፣ ሰፊ ኮሌታ። ፊልሙ የደርግ ዘመን ስብሰባዎች ላይ ሲደርስ እማዬ ብድግ አለች። ወደ ወጥ ቤት ገባች። የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ተከትያት ስገባ የታጠበ ብርጭቆ እያጠበች ነው።

ፊልሙን አጠፋሁት። ልጆቹ ምን እንደተፈጠረ አልገባቸውም። ማታ ባሌ ከተኛ በኋላ እማዬ ሻይ ይዛ መጣችና ነገረችኝ። አያቴ ምግብ በሰሐን ቋጥራ ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው እንዴት ስትዞር እንደነበር። አንድ ቀን ሰሐኑ «ከእንግዲህ አታምጪ» ተብሎ እንደተመለሰ። አርባ ዓመት አልፌ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፦ ፊልሙን አስቀድማችሁ ለብቻችሁ እዩት። ሙሉውን ባይሆን ግማሹን። በተለይ ስለ 1966 ዓ.ም.ና ከዚያ በኋላ ስላለው ዘመን ከሆነ። የእኛ እናትና አባቶች ያላወሩት ብዙ ነው። ፊልም ደግሞ ሳያንኳኳ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ቀለል ያለ ነገር ፈለግኩ። ፓሪስ ያለች የአክስቴ ልጅ «ላምብ»ን በዲቪዲ ላከችልኝ። የያሬድ ዘለቀ ፊልም ነው። በ2015 እንደ ፈረንጆቹ ካን ፌስቲቫል ላይ ቀርቧል። ካን በይፋ መርጦ ካሳያቸው ፊልሞች መካከል የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም እሱ ነው። ሁላችንም ተሰበሰብን። ፈንዲሻ ፈነዳ። የገና ጾም ስለሆነ ቅቤ የለም፣ በጨው ብቻ። ዲቪዲውን አስገባሁ። ማጫወቻው አጉረመረመና ይህ ዲስክ ለዚህ አካባቢ አይሠራም አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲቪዲ ሲሠራ ዓለምን በስድስት ክልል ከፋፍለውታል። አሜሪካና ካናዳ ክልል 1 ናቸው። ምዕራብ አውሮፓ 2። ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኛው አፍሪካ 5። የአንዱ ክልል ዲስክ በሌላው ክልል ማጫወቻ እንዳይከፈት ይቆለፋል። ይህን ለእማዬ ሳስረዳት ሳቀች።

«ሲዲውንም በክልል ከፋፈሉት?»

ባሌ ያን ማታ የሳቀው ሳቅ ጎረቤት ሳይሰማው አልቀረም። እማዬ ግን ጥፋቱን ከእኔ ላይ አላወረደችም። «ምን አድርገሽው ነው? ከዚያ ድረስ ተልኮ መጥቶ!» አለችኝ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ኮምፒውተር ላይ በውጭ የሚሰካ የዲቪዲ ማንበቢያ መጠቀም ነው። ነገር ግን ተጠንቀቁ። የኮምፒውተር ማንበቢያ ክልሉን የሚያስቀይረው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በመጨረሻው ክልል ላይ ተቆልፎ ይቀራል። ልጄ ለመሞከር ብላ ሁለቱን ጨርሳብኝ ነበር። ሁለተኛው የሁሉንም ክልል ዲስክ የሚያነብ ማጫወቻ መግዛት ነው። ስትገዙ የአውሮፓውን የምስል ስርጭት ዓይነት፣ ፓል የሚባለውን፣ ለአሜሪካ ቴሌቪዥን የሚቀይር መሆኑን ጠይቁ። ያለዚያ ክልሉን ተሻግራችሁ ምስሉ ላይ ትቀራላችሁ። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። አልቆጨኝም። የአገራችን ፊልሞች ከእኛ ጋር ተበትነዋል። አንዱ ጀርመን ታትሞ ይገኛል፣ ሌላው ፈረንሳይ።

ሳምንት ቆይተን «ላምብ»ን አየነው። ኤፍሬም የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ። እናቱ ሞታለች። አባቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሊሄድ ሲል ልጁን ተራራ ላይ ዘመዶች ዘንድ ያስቀምጠዋል። ልጁ ይዟት የመጣት አንዲት በግ አለች፣ ቹኒ ትባላለች። አጎቱ ለመስቀል ሊያርዳት ይላል። ልጁ ደግሞ ወጥ መሥራት የሚወድ ነው። አጎት ይህንንም አይወድለትም። ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል ነው ነገሩ። ኤፍሬም ሳምቡሳ ጠቅልሎ ገበያ እየሸጠ፣ በጓን ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን የመኪና ብር ማጠራቀም ይጀምራል።

ከሥር የተጻፈው ፈረንሳይኛ ብቻ ነበር። እኔ አላስተዋልኩም። ልጆቹ ግን ከፈረንሳይኛውም ከአማርኛውም ጎደሉ። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ በዚያ ማታ ግን አማርኛቸው ነቃ። ትንሹ ልጄ «ማጀት ምንድነው?» አለ። እማዬ አስረዳችው። «እንዴ፣ እኔም እኮ ፓንኬክ እሠራለሁ» አለ። በነጋታው ሁለቱ ወጥ ቤት ገብተው ሳምቡሳ ጠቀለሉ። የምስር። ሦስት ማዕዘን መሆኑ ቀርቶ ክብ ነገር ወጣው፣ ተበላ። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ከልጅና ከአያት ጋር የምትጀምሩ ከሆነ ግን በዚህ ጀምሩ። አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ማንንም ወደ ወጥ ቤት አያስነሳም።

እማዬን በእውነት ያስፈነደቃት ግን «ቁራኛዬ» ነው። የሞገስ ታፈሰ ፊልም ነው። በኢንተርኔት ከፍለን አየነው። ታሪኩ የቆየ ዘመን ነው። አንድ የቅኔ ተማሪ አለ። የሚወዳት ልጅ ከሌላ ሰው ቤት ገብታለች። አብረው ይገኛሉ። ከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ እንደ ወጉ ተቆራኝተው ፍርድ ፍለጋ አገር ያቋርጣሉ። ሁለት የሚጠላሉ ሰዎች አንድ ላይ ታስረው፣ አብረው እየበሉ፣ አብረው እየተኙ።

ትልቋ ልጄ «ይሄ ፈጠራ ነው፣ አይደል?» አለች። እማዬ ሪሞቱን ቀማችኝና አስቆመችው። ማስቆሚያውን በምን ጊዜ እንደለመደችው እንጃ። «ምን ፈጠራ! አያቴ በዓይኑ ያየው ነው» አለች። ነጠላዋን አወጣች። አንዱን ጫፍ ከልጅቷ ሹራብ፣ ሌላውን ከትንሹ ቲሸርት ጋር ቋጠረች። ዳኛ ዘንድ እስኪደርሱ ማንም እንደማይፈታቸው፣ ባለ ዕዳና አበዳሪም እንዲሁ ይታሰሩ እንደነበር ነገረቻቸው። «አሁን ተጣልታችሁ እስቲ ተኙ» አለቻቸው። ልጆቹ ለግማሽ ሰዓት ያህል እንደታሰሩ ሽንት ቤት በር ድረስ ተጓተቱ።

እኔም አንድ ነገር ገባኝ። «የአልጋ ቁራኛ» ስንል ኖረናል። ታማሚውን ከአልጋው ጋር ያሰረው ማን እንደሆነ አስቤ አላውቅም ነበር። ለካ ቃሉ መቆራኘት ነው።

ይህን ፊልም ስታዩ አታጣድፉት። አማርኛው የድሮ ነው። ሰምና ወርቅ አለበት። ከሥር የተጻፈው እንግሊዝኛ ሰሙን እንኳ በቅጡ አይይዘውም። ትልቅ ሰው አጠገባችሁ ካለ በየቦታው እያስቆማችሁ ጠይቁ። እኛ አንዱን ፊልም በሁለት ማታ ነው የጨረስነው፣ ግማሹ ጊዜ የእማዬ ማብራሪያ ነው። የሚሻለው ክፍል የትኛው እንደነበር ልጆቹን ጠይቁ።

«ድፍረት»ን ያየነው ሦስት ሴቶች ብቻ ነን። እማዬ፣ እኔና ትልቋ። ትንሹን ቀደም ብለን አስተኛነው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ነው። በ2014 እንደ ፈረንጆቹ ሰንዳንስና በርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች ላይ የተመልካች ሽልማት ወስዷል። ሂሩት የተባለች የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች። ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ትገድለዋለች። በሞት ልትቀጣ ነው። ከአዲስ አበባ አንዲት ጠበቃ ትመጣላታለች። ጠበቃዋን ሆና የምትሠራው ሜሮን ጌትነት ናት።

መነሻው እውነተኛ ነው። የአበራሽ በቀለ ታሪክ ነው። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊም የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2015 ሠርተዋል፣ ከሴት የመጀመሪያዋ። በድሮው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ይድን ነበር። ያ የተነሣው በ1997ቱ ሕግ ነው። ይህን ለልጄ ስነግራት «እኔ ከመወለዴ ትንሽ ቀደም ብሎ ማለት ነው?» አለች። ማለት ነው።

የፊልሙ ስም በራሱ ትምህርት ነው። ድፍረት ጀግንነት ነው፣ ድፍረት መደፈርም ነው። አንዱ ቃል ሁለቱንም ይሸከማል። ልጄ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። እማዬ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አየች። ሲያልቅ «አብራኝ አራተኛ ክፍል የነበረች ልጅ አንድ ሰኞ ቀረች» አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። እኛም አልጠየቅናትም።

ፊልም የት ይገኛል ለምትሉኝ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው የሰፈሩን ቤተ መጻሕፍት ነው። አሜሪካ ያላችሁ ካርድ አውጡ። በነፃ ነው። መደርደሪያው ላይ የሌለውን ፊልም ከሌላ ከተማ ቤተ መጻሕፍት እንዲያስመጡላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። እኔ ለአንዱ ፊልም ሦስት ሳምንት ጠብቄያለሁ፣ መጣ። ካኖፒ የሚባል የኢንተርኔት አገልግሎትም አለ። ቤተ መጻሕፍታችሁ አባል ከሆነ በካርዳችሁ ቁጥር ትገባላችሁ፣ አትከፍሉም። በወር የምታዩት ግን የተወሰነ ነው። የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ የኢትዮጵያ ፊልም ስላት «እንዴት ይጻፋል?» አለችኝ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የአገራችን ፊልም ስም በላቲን ፊደል እንደ ጸሐፊው ይለያያል። በአዘጋጁ ስምም ፈልጉ፣ በእንግሊዝኛ ርዕሱም ፈልጉ።

በዚህ መንገድ ካገኘኋቸው አንዱ «ፋያ ዳዪ» ነው። የጄሲካ በሽር ዘጋቢ ፊልም። እናቷ ሜክሲኳዊ፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ ነው። ሐረር አድጋ በ16 ዓመቷ ወጥታለች። ፊልሙን ስትቀርጽ አሥር ዓመት ያህል ፈጅቶባታል። ጥቁርና ነጭ ነው። ስለ ጫት ነው፣ ስለ ምርቃና፣ ስለ ስደት፣ ስለ ጸሎት። ታሪክ ተከትሎ የሚሄድ አይደለም። ጭስ ነው።

እማዬ በሃያኛው ደቂቃ «መቼ ነው የሚጀምረው?» አለች። ልጆቹ ስልክ አወጡ። እኔም አልዋሽም፣ ዓይኔ ከብዶኝ ነበር። ያልተኛው ማን ነው? ባሌ። ድሬዳዋ ነው ያደገው። ኦሮምኛውን ያለ ጽሑፍ ይሰማል። ወደ ፊት ተደግፎ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ዓይኑን ሳይነቅል። ሲያልቅ «ያ የበር ድምፅ የእናቴ ቤት በር ድምፅ ነው» አለ። በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳር ስለዚያ በር ሰምቼ አላውቅም። እንግዲህ ይህን ፊልም ለቤተሰብ ማታ አልመክርም። ለሐረርና ለድሬ ልጅ ግን ለብቻው ስጡት።

ለትንሹ ልጅ የሠራው «አትሌቱ» ነው። ስለ አበበ ቢቂላ። ራሴላስ ላቀው ከሌላ አዘጋጅ ጋር ሠርቶት፣ አበበንም ሆኖ ይጫወታል። ልጄ ስለ ባዶ እግሩ ሮም ያውቃል፣ 1960 እንደ ፈረንጆቹ። ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን በተሠራ ሁለት ወር ሳይሞላው መድገሙንም ከእኔ ሰምቷል። የማያውቀው ከመኪና አደጋው በኋላ ያለውን ነው። አበበ እግሩ አልታዘዝ ካለው በኋላ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በውሻ በሚጎተት መንሸራተቻ ተወዳድሯል። ልጄ «በዊልቸር ሆኖ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ፊልሙ ዝግ ያለ ነው። ሩጫ ብቻ የሚጠብቅ ልጅ ይሰለቻል። እውነተኛው የሮምና የቶኪዮ ምስል ሲመጣ ግን ሶፋው ላይ ቆሞ ነው ያየው።

«ክራምብስ»ንም ለልጆቹ ብዬ ነበር። ዳሎል ላይ የተቀረጸ፣ የዓለም መጨረሻ ካለፈ በኋላ ያለ ታሪክ። ሰማይ ላይ የቆመ መርከብ አለ። ሰዎች ማይክል ጆርዳንን እንደ ቅዱስ ይለማመኑታል። የላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ ይሸጣል። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። እማዬ አማተበችና ወደ መኝታዋ ሄደች።

«ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» ደግሞ ዱከም ስላለው የቻይና ኢንዱስትሪ ዞን የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው፣ የ2024 እንደ ፈረንጆቹ። ሦስት ሴቶችን ይከተላል። አንዷ ቻይናዊት ሥራ አስኪያጅ፣ አንዷ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ አንዷ መሬቷ የተወሰደባት ገበሬ። «ዱከም? ጥሬ ሥጋ የምንበላበት?» አለች እማዬ። በጾም ነው ያነሣችው፣ ይቅር ይበላት። ቋንቋው ብዙ ስለሆነ ባሌ ኦሮምኛውን፣ እኔ እንግሊዝኛውን እየተረጎምን አየነው። ቻይንኛውን ከሥር ካለው ጽሑፍ አነበብንላት። አድካሚ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፣ እማዬ ግን ለሳምንት ስለዚያች ገበሬ አወራች። «ካሣዋን ሰጧት ይሆን?» እያለች።

ወደ «ጤዛ» የመለሰችን ትልቋ ልጄ ናት። ያን ማታ ለምን እንደተነሣን ቆይቶ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ በራሷ ፈልጋ «ፋይንዲንግ ሳሊ»ን አገኘች። ታማራ ማርያም ዳዊት የተባለች፣ ካናዳ ያደገች የፊልሙ አዘጋጅ፣ አንድ ቀን ስለማታውቃት አክስቷ ትሰማለች። የአምባሳደር ልጅ ናት አክስትየዋ። ከካናዳ አዲስ አበባ ሄዳ፣ አብዮቱ ይዟት፣ ኢሕአፓ ገብታ፣ ኅቡዕ ትወርዳለች። ቤተሰብ ለዓመታት የት እንደደረሰች አያውቅም። አብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለወጣት ልጅ ይቀላል። አንድ ሰዓት ከሃያ ያህል ነው። እዚህ ተወልዶ «ደርግ ምንድነው?» የሚል ልጅ ካላችሁ ከ«ጤዛ» በፊት ይህን አሳዩት።

ልጄ ፊልሙን ጨርሳ በቀጥታ አያቷ ክፍል ገባች። በሩ ተዘጋ። አንድ ሰዓት ቆየ። ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም። በሁለተኛው ቀን እራት ላይ እማዬ «እስቲ ያ እግሩን ያጣው ልጅ መጨረሻው ምን ሆነ?» አለች። አንበርብርን ነው። ጥር ነበር። ውጭው በረዶ ነው። ካቆምንበት ቀጠልን። ልጄ አያቷን እጇን ይዛት አየች። እማዬ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሣች፣ ጋቢ ለማምጣት።

ትንንሽ ነገር ልጨምር። እራት እንደተበላ ጀምሩ። እማዬ ከጸሎቷ በፊት ካልሆነ አታይም፣ ከጸሎት በኋላ ፊልም ነውር ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል የሚበልጠውን ለሁለት ክፈሉት። ከሥር ያለውን ጽሑፍ አስቀድማችሁ አብሩና ቋንቋውን አረጋግጡ፣ ሰው ሰብስባችሁ አትፈልጉ። ቤተ መጻሕፍት የሰጣችሁን ዲስክ ጀርባውን በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ጠርዝ ጥረጉት፣ በክብ አይደለም። ቡና ካለ ፊልሙ ሲያልቅ ይፈላ። ወሬው የሚመጣው ያኔ ነው።

እማዬ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ተመለሰች። ሻንጣ ስንከት አንድ ፊልም ስጪኝ አለች፣ ለቡና ጓደኞቿ። «ላምብ»ን ሰጠኋት፣ ያን የፓሪሱን። አስጠነቀቅኳት። «እማዬ፣ እዚያ ክልሉ ሌላ ነው። ላይሠራ ይችላል።» ነጠላ ውስጥ ጠቅልላ ከተተችው።

በሁለተኛው ሳምንት ደወለች።

«ሠራ!» አለችኝ። «የእትዬ ቤት ማጫወቻ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚያነበው። የቻይና ነው። ያንቺ ነው እንጂ ሲዲው ምንም አልሆነም።»

«እስከ መጨረሻው አያችሁት?»

«ምን እናያለን! ልጁ በጓን ይዞ ሲሄድ መብራት ሄደ።»

«ታዲያ መጨረሻውን ሳያዩ ቀሩ?»

«እኔ ነገርኳቸዋ።» ትንሽ ዝም አለች። «ትንሽ አሳምሬ ነው እንጂ።»